«ቄስ የላቸውም፤ ታዲያ ሥራውን ማን ይሠራዋል?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ የጌታ ሰላም ይብዛልዎት። የምኖረው ፊላደልፊያ ነው። ከቤቴ ትንሽ ራቅ ብሎ የኩዌከሮች የጸሎት ቤት አለ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጎዳና ሰዎች ሾርባ የሚያዘጋጁበት ቦታ ወሰደችኝ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ እሄዳለሁ። አራት ጊዜ ያህል እሑድ ጠዋትም አብሬያቸው ተቀምጫለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ነው። መዝሙር የለም፣ ስብከት የለም፣ ቄስም ፓስተርም የለም። ሥራው ግን ሁሉ ይሠራል። አሁን ደግሞ «ለእንግዳ ተቀባይ ኮሚቴ ስምሽን አስበናል፤ ምን ትያለሽ?» አሉኝ። በራሳችን ቤተ ክርስቲያን ስድስት ዓመት ኩሽና ውስጥ ነኝ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ደክሞኛል። እዚያ ስሠራ ግን አይደክመኝም። ይሄ ራሱ አስፈራኝ። አብሬያቸው ባገለግል ቤቴን መክዳት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ኩዌከሮች ጠይቀሽኛል፤ እመልስልሻለሁ። ግን «ደክሞኛል» ያልሽው ላይ ልቤ ቀርቷል። ወደ እሱም እመጣለሁ።

ኩዌከሮች የተነሱት እንግሊዝ አገር በ1640ዎቹና በ1650ዎቹ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ጆርጅ ፎክስ የሚባል የሸማኔ ልጅ ከሰባኪ ወደ ሰባኪ ሲዞር ቆይቶ ለነፍሱ መልስ አጣ። በመጨረሻ የደረሰበት ነገር አንድ ነው፦ ክርስቶስ ሕያው ነው፤ ሕዝቡንም ራሱ ያስተምራል። ስለዚህ አንድ ላይ ተቀምጠን እሱን እንጠብቅ አለ። ተከታዮቹ ራሳቸውን «ወዳጆች» ብለው ጠሩ። ዮሐንስ 15 ላይ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ባሮች ሳይሆን ወዳጆች ያለበትን ቦታ ታስታውሻለሽ። «ኩዌከር»፣ ተንቀጥቃጭ ማለት ነው፣ ሌላው ሰው ያወጣላቸው የንቀት ስም ነበር። ስሙ ግን ተጣብቆባቸው ቀረ።

ሁሉም እንደ ጎረቤቶችሽ ዝም ብለው የሚያመልኩ እንዳይመስልሽ። በዓለም ላይ ብዙ ኩዌከሮች ያሉት ጎረቤታችን ኬንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ሚስዮናውያን ካይሞሲ በሚባል ቦታ ጀመሩት። እዚያ ፓስተር አለ፣ መዝሙር አለ፣ ስብከት አለ። ብትሄጂ ከእኛ አምልኮ ብዙም አይለይብሽም። አንቺ ያየሽው የድሮውን መንገድ የያዙትን ነው።

እኔም አሜሪካ በነበርኩ ጊዜ አንድ እሑድ አብሬያቸው ተቀምጬ አውቃለሁ። ረጃጅም የእንጨት ወንበሮች ፊት ለፊት ይተያያሉ። መድረክ የለም። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች በጣም ከበዱኝ። ሰው ሲያስል ይሰማል፣ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። ሐሳቤ አንዴ ቤቴ፣ አንዴ ቢሮ ይሮጣል። ከዚያ አንዲት አሮጊት ተነሱ። ስለ ልጅ ልጃቸው ሕመም ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩና ተቀመጡ። ማንም መልስ አልሰጠም፤ «አሜን» ያለም የለም። ግን ሁሉም ከእሳቸው ጋር እንደተቀመጠ ገባኝ። ሰዓቱ ሲያልቅ አንድ ሰው አጠገቡ ያለውን ጨበጠ። ሁሉም ተጨባበጠ። በቃ፣ አለቀ።

ከዚያ ለሻይ ወደ ምድር ቤት ወረድን። አንድ ሹራብ የለበሱ አዛውንት እጅጌያቸውን ሰብስበው ኩባያ ያጥባሉ። ፎጣ አንስቼ ማድረቅ ጀመርኩ። ወሬ ስንጀምር ጉባኤውን የሚመሩት እሳቸው ሆነው ተገኙ። ከማጠቢያው በላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። እንግዳ መቀበል፣ የልጆች ትምህርት፣ የሕንፃ ጥገና፣ ገንዘብ ያዥ፣ የታመመ መጠየቅ ይላል። ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን ስም አለ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ደግሞ ዓመት አለ። «ይሄ ዓመት ምንድን ነው?» አልኳቸው። «የሚያበቃበት ነው» አሉኝ።

ያ ወረቀት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

አሁን «ሥራውን ማን ይሠራዋል?» ወደሚለው እንምጣ። ኩዌከሮች መካከል አንድ የታወቀ አባባል አለ፤ «እኛ ያስቀረነው ካህናትን ሳይሆን ምእመናንን ነው» ይላሉ። ቄስ የለም ማለት ሁሉም አገልጋይ ነው ማለት ነው። እኛም በ1ኛ ጴጥሮስ 2 «የንጉሥ ካህናት» የሚለውን እናነባለን፣ እናስተምራለን። እነሱ ግን እስከ ኩባያ ማጠብ ድረስ ወስደውታል። አምልኮው እላይ፣ ሥራው እታች የሚባል ነገር የላቸውም። በዝምታው ሰዓት አንድ ሰው ቃል ቢመጣለት ተነሥቶ ይናገራል። በሥራውም እንዲሁ ነው፤ ማን ለምን እንደተጠራ አብረው ይጠብቃሉ።

ስምሽን ያሰበው ኮሚቴ ከእንግዳ ተቀባዩ ሌላ ነው፤ ሥራውም ይሄው ነው። አስመራጭ ኮሚቴ ልንለው እንችላለን፤ ግን ድምፅ የሚባል ነገር የለም። ጥቂት ሰዎች ይቀመጣሉ። ስለ እያንዳንዱ ሰው በጸሎት ያስባሉ፦ ይሄ ሰው ምን ጸጋ አለው? አሁን ኑሮው ምን ይመስላል? ሕፃን ታቅፋ እንቅልፍ ያጣች እናትን ገንዘብ ያዥ ሁኚ አይሏትም። ሰውየውን ራሱን ይጠይቁታል። እሺ ካለ ስሙ ለጉባኤው ይቀርባል። ጸሐፊው እዚያው ቃለ ጉባኤ ጽፎ ያነበዋል፤ ሁሉም ልክ ነው ካለ ይጸድቃል። የአገልግሎት ዘመኑ እንደየጉባኤው ይለያያል፤ ሦስት ዓመት የተለመደ ነው። አልችልም ያለም ሰው ቅር አይሰኙበትም። እምቢታውንም እንደ መልስ ነው የሚወስዱት።

ዕድር ውስጥ ላደገ ሰው ይሄ እንግዳ አይሆንበትም። ዕቃ ቤት ያዡ ሲቀየር ምን ይደረጋል? ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ ሰሃኑ፣ ማንኪያው ሳይቀር ይቆጠራል። አስረካቢና ተረካቢ ይፈራረማሉ። የእኛ ሰው ለቀብር ዕቃ ይህን ያህል ይጠነቀቃል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ርክክብ የለንም። አንዲት እህት አንድ ቀን ኩሽና ገብታ ታግዛለች፤ እዚያው ትቀራለች።

አንድ ነገር ልንገርሽ። በአንድ ጉባኤ ውስጥ ለአሥራ አንድ ዓመት ኩሽናውን የያዘች እህት ነበረች። ጭልፋው የራሷ፣ ትልቁ ድስት የራሷ ነበር። የኩሽናው ቁልፍ ቦርሳዋ ውስጥ ነው የሚያድረው። አንድ ጊዜ ታማ ሦስት ሳምንት ቀረች። በሦስተኛው ሳምንት ስልክ ተደወለላት፤ ቁልፉ የት እንዳለ ለመጠየቅ። የደወልኩት እኔ ነበርኩ። «እንዴት ነሽ?» ማለቴን አላስታውስም። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች፤ ሄደች። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ሉቃስ 10 ስለ ማርታ «አገልግሎት ስለ በዛባት ባከነች» ይላል። ጌታ ምግብ መሥራቷን አልነቀፈም። እሱም በልቷል። የነካው መባከኗን ነው። እንግዲህ አንቺን ያደከመሽ ሽንኩርት መክተፉ አይመስለኝም፤ ቅዳሜም ትከትፊያለሽኮ። ያደከመሽ ማንም ጠርቶሽ አለማወቁ፣ መቼ እንደሚያበቃም የሚነግርሽ አለመኖሩ ነው። ጎረቤቶችሽ ስምሽን ጠርተው ጠየቁሽ። ለዚህ ነው የቀለለሽ። ይህ ስሜት ኃጢአት አይደለም፤ አትፍሪው።

የእነዚህ ሰዎች አገልግሎት ጽናትም አለው። በ1682 በብሪስቶል ከተማ አዋቂዎቹ ወዳጆች ሁሉ ማለት ይቻላል ታስረው ነበር። ጉባኤውን ማን ቀጠለው? ልጆቻቸው። እየተገፉ፣ እየተመቱ በየሳምንቱ ተሰበሰቡ። ይህን ሳነብ የእኛዎቹ ትዝ ይሉኛል። በእኛ አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም ደርግ የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ፣ ሕንፃው ሲወረስ፣ መሪዎቹ ሲታሰሩ፣ ቤተ ክርስቲያን በየሳሎኑ ቀጠለች። በር የሚጠብቀው፣ ሻይ የምታፈላው፣ ቃሉን የምታካፍለው ተራ ምእመን ነበር። ያኔ ሁላችንም አገልጋይ ነበርን። አዳራሽ ስናገኝ ይህን ጣልነው ብዬ አምናለሁ።

አገልግሎታቸው አገራችንም ደርሷል። ጣልያን ከወጣ በኋላ በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ ከኩዌከሮች የተነሣው የአምቡላንስ ቡድን ወጣቶች ኢትዮጵያ መጥተው በሕክምና ሠርተዋል። ጦር መሣሪያ አናነሣም ያሉ ልጆች ነበሩ።

አሁን ደግሞ የማልስማማበትን በግልጽ ልንገርሽ። የውኃ ጥምቀት አያደርጉም። የጌታን እራትም በኅብስትና በጽዋ አይወስዱም። ጥምቀቱም ኅብረቱም ውስጣዊ ነው ይላሉ። እኔ ግን ጌታ «አድርጉት» ያለውን በእጅ፣ በአፍ፣ በውኃ ማድረግ አለብን ብዬ አምናለሁ። ደግሞም በዝምታ በሚያመልኩት ጉባኤዎች ውስጥ ዛሬ ራሱን ክርስቲያን ብሎ የማይጠራ ሰውም ይገኛል። ስለዚህ ዝምታው የክርስቶስን ስም ጮክ ብለሽ የምትጠሪበትን ቤት ሊተካልሽ አይችልም።

ታሪካቸውም ላይ ቁስል አለ፤ በተለይ አንቺ ልታውቂው ይገባል። እዚያው ያንቺው ከተማ፣ ጀርመንታውን ውስጥ፣ በ1688 አራት ሰዎች ባርነትን የሚቃወም ጽሑፍ ፈርመው ለጉባኤው አቀረቡ። የአካባቢውን ጉባኤዎች የሚያሰባስበው የፊላደልፊያው ዓመታዊ ጉባኤ አባላቱ ባሪያ እንዳይይዙ የከለከለው በ1776 ነው። 88 ዓመት! ድምፅ ሳይሰጡ ሁሉ እስኪስማማ መጠበቅ መልካም ነው። ግን የሚጠብቀው ባለ ወንበሩ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ባሪያው ሲሆን፣ ዝምታው መደበቂያ ይሆናል። በ1800ዎቹም የፊላደልፊያዋ መምህርት ሣራ ማፕስ ዳግላስ ከእናቷ ጋር በኩዌከሮች ጉባኤ ስትቀመጥ ለጥቁሮች ተብሎ በተለየ ወንበር ላይ ነበር። ይህን የምነግርሽ እንድትርቂያቸው አይደለም። እነሱም ራሳቸው ዛሬ ይናገሩታል። ግን ቤቱ ውስጥ ስትገቢ ዓይንሽ ተከፍቶ ግቢ።

ታዲያ ምን ላድርግ ነው ያልሽኝ።

የሾርባውን ቅዳሜ አትተዪ። የተራበን ለማብላት የማንም ቤት ፈቃድ አያስፈልግሽም። ኮሚቴውን በተመለከተ በዚህ ሳምንት አትመልሺላቸው። «ልጸልይበት» በያቸው፤ ይህን መልስ ከማንም በላይ የሚያከብሩት እነሱ ናቸው። የሌላ ቤተ ክርስቲያን አባል መሆንሽንም ንገሪያቸው። አንዳንድ ኃላፊነት ለአባላት ብቻ ነው፤ እንግዳ መቀበል ግን ብዙ ጊዜ ለሚመላለሱትም ክፍት ነው። ከማን ጋር እንደምትሠሪ፣ መቼ እንደሚያበቃ ጠይቂ። የጌታ እራት የምንካፈልበት እሑድ ላይ ተራ እንዳይደርስሽ አስቀድመሽ አስታውቂ።

ለመጋቢሽም ራስሽ ንገሪው። ከሌላ ሰው እንዳይሰማ። የዚያኑ ዕለት ስለ ኩሽናውም አንሺ። እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን ሁለቱን አንድ ላይ አልይዝም፤ ስድስት ዓመት ብዙ ነው። «የአንድ ዓመት ዕረፍት እፈልጋለሁ፤ ከእኔ በኋላ ሁለት ሰው ይመደብ፣ የሚያበቃበትም ይጻፍ» በይ። ቅር የሚለው ሰው አይጠፋም። ይሁን። ሽማግሌዎቹ ተረካቢ ይሰይሙ። ከዚያ አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ኩሽናውን ክፈቺና ድስቱን፣ ጭልፋውን፣ ሲኒውን አብራችሁ ቁጠሩት። ተፈራርማችሁ ቁልፉን በእጇ ስጫት።