ወጥ የፈሰሰበት ነጠላ፦ በረኪናውን አስቀምጪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ደነገጥኩ። የእናትሽ ማስታወሻ የሆነው ነጠላ ላይ ዶሮ ወጥ ፈሰሰበት፣ በኦሞ ብትዘፈዝፊውም አልለቅ አለ፣ አሁን በረኪና ላድርግበት ወይ ብለሻል። እባክሽ እንዳታደርጊ! በረኪና ቅባት አያስለቅቅም። የሚጎዳው ክሩን ነው፤ የጥለቱንም ቀለም ይወስደዋል። አቼቶ ጨምረሽበት ከሆነ ደግሞ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። አንድ የፋሲካ ቀን ቅቤ የበዛበት ወጥ ነጠላዬ ላይ ተንጠባጠበ። ቧንቧው ደርቋል፣ ጀሪካን ውስጥ ያለው ለመጠጥ ብቻ ነው። ጎረቤቴ የሆኑ እናት አይተው «ተይው፣ ውሃ አታስነኪው፣ ዱቄት ነስንሺበት» አሉኝ። መጀመሪያ በማንኪያ ጠርዝ ወጡን አነሳሁ፣ ሳላሽ በሶፍት ጫን ጫን አደረግሁት። ከዚያ የሕፃን ፓውደር ነሰነስኩበት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፓውደሩ ቅቤውን ጠጥቶ ቢጫ ሆኖ ረጥቧል። አራግፌ ደገምኩት። ያን ቀን ውሃ መጥፋቱ ጠቀመኝ።

ቅባትና ውሃ አይስማሙም፤ የሚያስታርቃቸው ሳሙና ነው። ጨርቁ አስቀድሞ ውሃ ከጠጣ ሳሙናው ቅባቱ ጋ ሳይደርስ ይቀጥናል። ስለዚህ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ላርጎም ይሁን ሌላ፣ በደረቁ ጨርቅ ላይ ጠብ አድርጊ። በጣትሽ ከዳር ወደ መሀል ቀስ ብለሽ አዳርሺው፣ 20 ደቂቃ ተይው። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ከጀርባው በኩል አለቅልቂው። ቀዝቃዛ ውሃ ቅቤውን ያረጋዋል፤ የፈላ ውሃ ደግሞ የጥለቱን ቀለም ሊያስለቅቀው ይችላል። አስቀድመሽ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥለቱ ላይ ጫን አድርጊና ቀለም ይሰጥ እንደሆነ እዪ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ነጠላ ድርብ ነው። ቅባቱ ከላይኛው ወደ ታችኛው ንብርብር ያልፋል። ከላይ ንጹህ መስሎሽ ከሥር ግን ክብ ሆኖ ተቀምጦ ታገኚዋለሽ። ሁለቱንም ለየብቻ ሳሙና ቀቢያቸው፤ በመሀል ንጹህ ጨርቅ አስገቢ።

ሌላው ካውያ ነው። እርጥብ ጨርቅ ላይ የቅባት እድፍ አይታይም፣ የጠፋ ይመስላል። ሲደርቅ ግን እንደ ጥላ ብቅ ይላል። አንዴ ቀሚሴን ላውንደሪ ሰጥቼ እድፉ ሳይለቅ ተኩሰው መለሱልኝ። ሙቀቱ ዘይቱን ክሩ ላይ አደረቀው። ሦስት ጊዜ በሳሙና መላልሼው ቀለል አለ እንጂ አልጠፋም። አሁንም ሳየው ያናድደኛል። ደርቆ በፀሐይ ብርሃን እስክታዪው ድረስ ካውያ አታስጠጊው።

ቅባቱ ለቆ የበርበሬው ቅላት ከቀረ አይዞሽ። ያንን ፀሐይ ያጠፋዋል። እርጥብ እንደሆነ ፀሐይ ላይ ዘርጊው፣ ጥለቱን ግን በጨርቅ ሸፍኚው። የእኔ በሁለት ቀን ነጭ ሆኗል።

ድሮ እናቶቻችን ነጠላ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። ፍሬው ሲወቀጥ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ የቢልሃርዚያ በሽታን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው የእንዶድ ምርምራቸውን የጀመሩት። ካገኘሽ ተጠቀሚበት፣ ግን እጣቢውን ወንዝ ውስጥ አትድፊው፤ ዓሣም ይገድላል።

ባለቤቷ ጋራዥ የሚሠራ እህት ከታች በአስተያየት መስጫው ስለ ግራሶ (የመኪና ቅባት) ጠይቃለች። ግራሶውን መጀመሪያ በትንሽ የምግብ ዘይት አሺው፣ ይላላል። ከዚያ ያው ፈሳሽ ሳሙና ነው። ላምባ የምትጠቀሙ ካላችሁ ከከሰልና ከምድጃ ርቃችሁ፣ ውጭ ላይ።

የአንቺ ነጠላ አንዴ ተዘፍዝፏል፤ ስለዚህ ጥላ ላይ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ከዚያ ከሳሙናው ጀምሪ። ካውያ ነክቶት እንደሆነ ግን ጻፊልኝ።