ውጊያ ሲበዛ ታርጌት የሚዘልበት ኮምፒውተር፦ የፕሮሰሰሩን ፋን ፍታው

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂው ኦንላይን አርፒጂ (ብዙ ሰው በኢንተርኔት ገጸ ባህሪ ይዞ የሚዋጋበት ጌም) ይጫወታል፣ ብቻውን ሜዳ ላይ ሲዞር በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ስዕል ያገኛል፣ ሰው የበዛበት ውጊያ ውስጥ ሲገባ ግን አስር ደቂቃ ሳይሞላ 18 ይገባል። ታርጌት፣ ማለትም የሚመታውን ጠላት ለመምረጥ ታብ የሚለውን ቁልፍ ሲጫን ፊቱ የቆመውን ጠላት ትቶ ጥግ ላይ ያለውን ይመርጥበታል፣ ቀስት ሲለቅ ክሮስሄሩ (ስክሪኑ መሃል ያለው ማነጣጠሪያ) ጠላቱ ላይ ሆኖ እያለ ይስታል። ግራፊክስ ካርድ ቀይሯል፣ ዊንዶውስ ሁለቴ አስጭኗል፣ ምንም ለውጥ የለም። ፒንጉ (መልእክት ወደ ጌሙ ሰርቨር ሄዶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) 90 ሚሊሰከንድ ላይ ነው፣ አይንቀሳቀስም። ሬዞሉሽኑን (የስዕሉን ጥራት) ወደ 720 ቢያወርደውም ያው 18። አሁን ደግሞ ፓወር ሰፕላዩን፣ ኮረንቲ የሚያከፋፍለውን ሳጥን፣ ከፍቼ አቧራውን ላራግፍ ወይ ይላል።

ወንድሜ ከመጨረሻው ልጀምርልህ፣ ፓወር ሰፕላዩን አትክፈተው። ውስጡ ያሉት ኮረንቲ የሚያጠራቅሙ ትልልቅ ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት በላይ ይይዛሉ፣ ገመዱን ከሶኬት ነቅለህም ቶሎ ላይለቁት ይችላሉ። አቧራውን ከውጭ በወንፊቱ በኩል በአየር ንፋው፣ በቃ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ከጻፍከው ሁሉ እኔን የያዘኝ አንድ መስመር ነው፣ "ከስድስት ወር በፊት አንድ ሰው የፕሮሰሰሩን ፋን ቀይሮልኝ ነበር" ያልከው፣ እሱንም እንደ ዋዛ ነው ጣል ያደረግከው። ከዛ ውጪ የላክልኝ ቁጥር፣ በውጊያው ሰዓት ግራፊክስ ካርድህ 61 ዲግሪ ላይ ሆኖ 35 ፐርሰንት ብቻ ነው የሚሰራው። ይሄ ካርድ አልደከመም፣ ስራ እየጠበቀ ነው። ስራ የሚሰጠው ደግሞ ፕሮሰሰሩ ነው። ሬዞሉሽን አውርደህ ፍሬሙ ካልጨመረ ጥፋቱ ካርዱ ጋ አይደለም፣ መጀመሪያ ደህና ሆኖ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ከወደቀ ደግሞ ሙቀት ነው። ስለዚህ የኔ ግምት ፕሮሰሰርህ ይግላል፣ ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ከ95 እስከ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ እንዳይቃጠሉ ራሳቸው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፣ አንተ የምታየውም እሱን ነው። ካርዱን የቀየርከው በከንቱ ነው፣ ያንን ያስገዛህ ሰው መጀመሪያ ሙቀት መለካት ነበረበት።

ታርጌቱ ለምን ይዘላል ለሚለው ትንሽ ልቆይበት፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ግራፊክስና ታርጌት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመስሉታል፣ አንዱ ማስዋቢያ አንዱ ውጊያ፣ ግን ሁለቱም በአንድ ሰዓት ነው የሚሄዱት፣ ያ ሰዓት ፍሬሙ ነው። ታብ ስትጫን ጌሙ ካሜራህ ፊት ለፊት ያሉትን ጠላቶች ይሰበስባል፣ የራቁትንና ግድግዳ የከለላቸውን ያወጣል፣ ከቀሩት ውስጥ ለስክሪኑ መሃልና ላንተ የሚቀርበውን ይመርጣል። ጥያቄው "ፊት ለፊት" የሚባለው የትኛው ቅጽበት ላይ ያለው ነው? አንተ የምታየው ስዕል ተሰልቶ፣ ተስሎ፣ ሞኒተር ላይ እስኪወጣ ሁለት ሶስት ፍሬም ያልፋል። በ60 ፍሬም አንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ነው፣ ሁለቱ 33፣ ብዙም አያስታውቅም። በ18 ግን አንዱ ብቻ ወደ 56 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፣ ሁለቱ 111፣ ሶስቱ 167። ውጊያ መሃል ካሜራህን በግማሽ ሰከንድ 180 ዲግሪ ብታዞር በ111 ሚሊሰከንድ ውስጥ 40 ዲግሪ ዞረሃል። አንተ ታብ የተጫንከው ስክሪኑ ላይ መሃል ያለውን ሰውዬ አይተህ ነው፣ ጌሙ ጋ ግን ካሜራው 40 ዲግሪ አልፎታል፣ እዛ መሃል የቆመው ሌላ ነው፣ እሱን ይመርጥልሃል። ጌሙ አልተሳሳተም፣ አንተም አልተሳሳትክም፣ የምታዩት የተለያየ ቅጽበት ነው። ቀስቱም እንደዛው፣ ክሮስሄር ያላቸው ጌሞች ከካሜራው ቀጥታ መስመር አውጥተው ሂትቦክሱን (ጠላቱ ተመታ የሚባልበትን ክልል) ነካ አልነካ ብለው ያያሉ፣ ሂትቦክሱ ደግሞ የሚያምረው ስዕል አይደለም፣ ውስጡ ያለ የማይታይ ሲሊንደር ነገር ነው፣ ጠላቱ በሰከንድ 7 ሜትር ከሮጠ በነዛ 111 ሚሊሰከንዶች ከ70 ሳንቲሜትር በላይ ሄዷል፣ ከአንድ ሰው ወርድ ይበልጣል። የታብ ጌም እኮ ይታገሳል፣ ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ከ2004 ጀምሮ በታብ ነው፣ ፋይናል ፋንታሲ 14 ላይ ደግሞ በአንዱ ስኪልና በሚቀጥለው መሃል 2.5 ሰከንድ ገደማ አለህ። ታብ እንኳ ከሳተብህ የፍሬሙ ችግር ከባድ ነው ማለት ነው። ሰው ሲበዛ የሚብሰው ደግሞ የያንዳንዱን ገጸ ባህሪ እንቅስቃሴ፣ ከጭንቅላቱ በላይ ያለውን ስምና የደም መስመር፣ ጥላውን ሁሉ የሚያዘጋጀው በአብዛኛው ያው የጋለው ፕሮሰሰር ስለሆነ ነው።

እሺ ስራው። መጀመሪያ ሙቀት የሚያሳይ ነጻ ፕሮግራም ጫን፣ ውጊያ ውስጥ ግባና የፕሮሰሰሩን ዲግሪና ጊጋኸርዝ (ፍጥነቱን) አብረህ እይ። ዲግሪው 95 አልፎ ጊጋኸርዙ ከወረደ ያልኩት ነው። ከዛ ሳታጠፋው በፊት አምስት ደቂቃ ይሙቅ፣ በፕሮሰሰሩና በፋኑ መሃል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ፔስቱ፣ ይለሰልሳል። አጥፋ፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀል፣ የማብሪያውን ቁልፍ አስር ሰከንድ ያህል ተጫን፣ ኬዙን ብረቱ ላይ ንካ። ፋኑን (ፋን የምልህ ከስሩ ካለው ብረት ጋር ነው) ቀጥ አድርገህ አትሳበው፣ ግራ ቀኝ ትንሽ እያዞርክ አላቀው፣ አንዳንድ ፕሮሰሰር ከፔስቱ ጋር ተጣብቆ ከሶኬቱ ይነቀልና እግሮቹ ይጣመማሉ።

ገልብጠህ ስሩን እይ። አንዴ ሶስት ሰው የነካካው ማሽን መጥቶልኝ ስገለብጠው፣ ፋኑ ሲገዛ ስሩን እንዳይቧጨር የሚሸፍነው ስስ ፕላስቲክ እንዳለ ነበር፣ "ከመግጠምህ በፊት ላጠው" የሚለው ጽሁፍ በፔስቱ ውስጥ ይነበባል። ባለቤቱ ስምንት ወር እንደዛ ተጫውቶበታል፣ በጣም ነው የተናደድኩት። ያንተም እሱ ሊሆን ይችላል። ካልሆነ አራቱን የፕላስቲክ እግሮች እይ፣ እነዚህ ርካሽ ፋኖች እግራቸው በትንሽ ጉልበት ይሰበራል፣ አንዱ ካልያዘ ፋኑ በአንድ ጎን ይነሳና ፔስቱ በዛ በኩል ወፍራም፣ በዚህ በኩል ምንም ሆኖ ታገኘዋለህ።

የድሮውን ፔስት ክር በማይተው ጨርቅና በአልኮል ጥረግ፣ አተር የምታክል አዲስ ፔስት መሃሉ ላይ አድርግ፣ በጣት አትቀባባው። ስም የሌለውን ነጭ ፔስት አትግዛ፣ በጥቂት ወር ኖራ ይሆናል። ሲገጠም እግሮቹን በማዕዘን ተሻጋሪ አድርገህ ጫን፣ አንዱን ከዛ ተቃራኒውን፣ እያንዳንዱ ቀጭ ሲል መስማት አለብህ፣ ማዘርቦርዱን (ሁሉም የሚሰካበትን ሰሌዳ) ከጀርባ አይተህም ጫፉ መውጣቱን አረጋግጥ። የፋኑን ገመድ ሲፒዩ ፋን የሚለው ላይ ሰካ፣ ሌላ ቦታ የሰኩትን ብዙ አይቻለሁ።

ክፍት እያለ ራሙንም (ሚሞሪውን) እየው። ሁለት ራም ካለህና ማዘርቦርዱ አራት ቀዳዳ ካለው፣ በብዙዎቹ ቦርዶች ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው መሆን ያለባቸው። አንደኛውና ሁለተኛው ላይ ጎን ለጎን ከሰካሃቸው በአንድ ቻናል፣ ማለትም በአንድ የመረጃ መስመር ብቻ ይሰራሉ፣ ሰው በበዛበት ውጊያ ያስታውቃል።

ሴቲንግ ላይ ጥላውን፣ የሚታየውን ተጫዋች ብዛትና የስም ምልክቶቹን ቀንስ፣ የቀረውን ባለበት ተወው፣ ካርድህ ይችለዋል። ፍሬሙን 60 ላይ ገድበው።

እና ያ ፓወር ሰፕላይ፣ ፎቶውን አየሁት፣ 600 ዋት ይላል ግን ክብደቱ ባዶ ጣሳ ነው ብለሃል። አቅም ሲኖርህ ቀይረው። ቀይረው አልኩ እንጂ ክፈተው አላልኩም፣ ብሎኖቹን እንዳትነካቸው፣ ኮረንቲው ከያዘህ ማንም አጠገብህ ላይኖር ይችላል።

ገጥመህ ስትጨርስ ያንኑ ውጊያ ግማሽ ሰዓት ተጫወት። ዲግሪው ከ80 በታች ቆይቶ ፍሬሙ አሁንም 18 ከገባ የሁለቱን ራም ፎቶና የማዘርቦርዱን ስም ላክልኝ።