እንደ ጥንቶቹ ምእመናን እንተሳሰባለን?

ጥያቄ፦ በሐዋርያት ዘመን ምእመናን ሁሉን በጋራ ይዘው ይኖሩ እንደነበር፣ ከመካከላቸውም ችግረኛ እንዳልነበረ እናነባለን። እኛ ግን ለዓመታት ጎን ለጎን ቆመን እያስቀደስን፣ አጠገባችን ያለው ሰው የቤት ኪራይ አጥቶ መጨነቁን እንኳ አናውቅም። ፍቅራችን ቀዝቅዞ ይሆን? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የጥንቶቹን ምእመናን ነቀፋ የሌለባቸው አድርገን ብናስብ መጽሐፉ ራሱ ያርመናል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ፣ በኢየሩሳሌም የነበሩ ግሪክኛ ተናጋሪ መበለቶች ከዕለቱ እደላ እየተዘለሉ ወገኖቻቸው እንዳጉረመረሙ ተጽፏል። ሐዋርያት አጉረምራሚዎቹን አልገሠጹም፤ ስለ ፍቅር ሰብከውም አላለፉም። ሰባት ሰዎች አስመረጡ፤ ከእስጢፋኖስ እስከ ኒቆላዎስ የሰባቱም ስም የግሪክ መሆኑ፣ ኃላፊነቱ በአመዛኙ ለተበደለው ወገን እንደተሰጠ ያመለክታል። እኔን ምእመናኑ ርስታቸውን ሸጠው ከማካፈላቸው ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላም ነገሩ ለየሰዉ በጎ ፈቃድ ብቻ አልተተወም። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በ2ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ እንደጻፈው፣ በእሑድ ጉባኤ የሚሰበሰበው ገንዘብ በመሪው እጅ ተቀምጦ ለወላጅ አልባዎች፣ ለመበለቶች፣ ለሕሙማን፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች ይውል ነበር። እ.ኤ.አ. በ251 ገደማ የሮሙ ጳጳስ ቆርኔሌዎስ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከ1500 የሚበልጡ መበለቶችንና ችግረኞችን እንደምትረዳ በደብዳቤው ገልጿል፤ ቁጥሩን መናገር መቻሉ ራሱ ችግረኞቹን ለይቶ የሚያውቅ አካል እንደነበረ ያሳያል።

የእኛ ርኅራኄ ጠፍቷል ለማለት ግን አልደፍርም። ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ በሰንበቴውና በማኅበሩ ጠበል ጸዲቅ ይቀመሳል፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጡት ነዳያንም ይመጸወታል። የሚረሳው መለመን የሚያፍረው ነው፦ ሥራ ያጣው አባወራ፣ ጡረታቸው ለመድኃኒት የማይበቃ እናት፣ ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ። እነዚህ እንደ ሌላው ሁሉ ነጭ ለብሰው ስለሚያስቀድሱ (ነጠላ ብዙ ነገር ይሸፍናል) ችግራቸው አይታይም። ለሕንጻ ማሠሪያ የሰጪው ስም በድምፅ ማጉያ እየተጠራ፣ ለእነርሱ ግን የተለየ ሣጥን የሌለበት አጥቢያም አይታጣም።

ስለዚህ ለሰበካ ጉባኤዎ «በአጥቢያችን ማን እንደተቸገረ የሚከታተለው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ቢያቀርቡ መልካም ነው። ሥራው የሚሰጣቸውም ችግሩን የቀመሱ ሰዎች ቢሆኑ ይመረጣል፤ የተረጂዎቹ ስም ግን በአደባባይ አይነበብ።