«ዩኩንዱስ»፦ ስለ አንድ የላቲን ቅጽል ጥያቄና መልስ

ላቲን ለምትማሩ፣ «ደስ የሚል» ስለሚለው «ዩኩንዱስ» የላካችሁትን ጥያቄ ልመልስ። በጣም የምወደው ቃል ስለሆነ አንዱ መልስ ረዘም ይላል።

ጥያቄ፦ ፍቺው «ደስተኛ» ነው ወይስ «ደስ የሚል»?

መልስ፦ ደስ የሚል። «ዩዋሬ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ መርዳትም ደስ ማሰኘትም ማለት ነው። ደስ ያለውን ሰው ሮማውያን «ላይቱስ» ይሉታል።

ጥያቄ፦ «ዩኩንዳ» የሚልም አይቻለሁ። ሌላ ቃል ነው?

መልስ፦ ያው ነው። ለተባዕታይ ዩኩንዱስ፣ ለአንስታይ ዩኩንዳ፣ ለግዑዝ ዩኩንዱም። «ዊታ ዩኩንዳ» ደስ የሚል ሕይወት ነው።

ጥያቄ፦ ለምግብም ለቦታም ይሆናል?

መልስ፦ የሚያምርበት ለሰው፣ ለጨዋታ፣ ለደብዳቤ፣ ለትዝታ ሲሆን ነው። ለጣዕምና ለሽታ «ስዋዊስ» ይቀናቸዋል። ዛፍና ውሃ ያለበት፣ ዓይን የሚማርክ ቦታ «አሞይኑስ» ነው። ስለዚህ ወንዙ ዳር አሞይኑስ፣ እዚያ ቁጭ ብላችሁ ያወጋችሁት ወግ ደግሞ ዩኩንዱስ።

ጥያቄ፦ እኔን ግራ የሚያጋባኝ «ግራቱስ» ነው። መዝገበ ቃላቴ ሁለቱንም «አስደሳች» ይላቸዋል።

መልስ፦ እዚህ ላይ መዝገበ ቃላቱ አይበቃም፣ ወንድሜ። ግራቱስ ውስጥ ምስጋና አለ። ባያስደስትህም «እንኳን ደረሰኝ» የምትለው ነገር ነው። የሮማው ፖለቲከኛና ጸሐፊ ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ58 በግዞት ሳለ ለወዳጁ ለአቲኩስ ጻፈ። «ያ እውነት ዩኩንዳ ባይሆንም ለእኔ ግራታ ነው» አለው። ይመራል፣ ግን ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው።

እኔን የሚነካኝ ግን ሌላ ደብዳቤ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 የሲሴሮ ልጅ ቱሊያ ሞተችበት። የሮማ ሪፐብሊክም በቄሳር እጅ ገብቷል። ሉኬዩስ የሚባል ወዳጁ ጻፈለት። ሲሴሮ ሲመልስ ፍቅርህ ግራቱስ ነው አለው፤ ያንን ቃል ለዘለዓለም ባላጣው ኖሮ «ዩኩንዱስ» ባልኩት ነበር ሲል ጨመረ። ልብ በሉ፣ ከወዳጁ ፍቅር የጎደለ ነገር የለም። ያዘነ ሰው ማመስገን ይችላል፣ ስለዚህ ግራቱስ አልቀረበትም። ዩኩንዱስ ግን ደስ የሚለው ልብ ይፈልጋል። ሁለቱን ቃላት ለመለየት ከዚህ የተሻለ ዓረፍተ ነገር አላየሁም።

ጥያቄ፦ የሰው ስም ይሆናል?

መልስ፦ በደንብ! በጥንታዊቷ የሮማውያን ከተማ ፖምፔ ውስጥ ሉኪዩስ ካይኪልዩስ ዩኩንዱስ የሚባል ባለባንክ ነበር፤ በሐራጅ ሽያጭ መካከል ገብቶ ገንዘብ የሚያስተላልፍ። እ.ኤ.አ. በ1875 ከቤቱ ከ150 በላይ የሰም ሰሌዳዎች ተገኝተዋል። አብዛኞቹ ሻጮች ገንዘባቸውን መቀበላቸውን የሚመሰክሩ ደረሰኞች ናቸው።

ጥያቄ፦ «ዮኩንዱስ» ተብሎ ሲጻፍስ? ስህተት ነው?

መልስ፦ የመካከለኛው ዘመን አጻጻፍ ነው፤ ቀልድ ከሚለው «ዮኩስ» ጋር ስላዛመዱት ነው። የጣሊያንኛው «ጆኮንዶ» ዘሩ ከዚሁ ነው። የሞና ሊዛ ባል ፍራንቼስኮ ዴል ጆኮንዶ ይባል ስለነበር ጣሊያኖች ሥዕሉን «ላ ጆኮንዳ» ይሉታል። የጥንቱን ላቲን የምትጽፉ ከሆነ ግን በ«ዩ» ጻፉት።