ጠጠሩ አያመኝም፤ ለአቪዬሽን ሐኪሜ ልናገር?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 34 ነው። ረዳት አብራሪ ነኝ፤ የምኖረው ካዛንቺስ ነው። ባለፈው ወር ለሌላ ጉዳይ አልትራሳውንድ ስታይ ግራ ኩላሊቴ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ጠጠር ተገኘ። አያመኝም። ጓደኞቼ «ዝም በል፣ ፈቃድህን ይይዙብሃል» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ጓደኞችዎን አይስሟቸው።

ጠጠር ኩላሊት ውስጥ እስከተቀመጠ ድረስ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ጣጣው ወደ ታች የወረደ ዕለት ነው። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወስደው ቱቦ ቀጭን ነው፤ ስፋቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ጠጠሩ እዚያ ሲቀረቀር ሰውየው መቀመጥም መቆምም ያቅተዋል። ይንቆራጠጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ያስመልሰዋል። ሾፌር ቢሆኑ መኪናዎን ዳር ያስይዙ ነበር። አየር ላይ ዳር የለም።

ደግሞ ጠጠር ተገኘ ማለት ሥራ አበቃ ማለት አይደለም። ሲቲ ስካን ይነሳሉ፤ የኩላሊትዎ አሠራር፣ ካልሲየምና ዩሪክ አሲድ በደም ይታያል፤ ሽንትዎም ይመረመራል። በአውሮፓ ደንብ ለምሳሌ ምልክት የሌለው ጠጠር ያለበት አብራሪ ተመርምሮና ታክሞ ሊበር ይችላል፤ ሕክምናውን እስኪያገኝም ከሌላ አብራሪ ጋር ብቻ እንዲበር ሊፈቀድለት ይችላል። የእርስዎን ጉዳይ የሚወስነው ግን ሲቪል አቪዬሽን ነው፣ እኔ አይደለሁም።

ትራማዶል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ውጠው እንዳይበሩ፤ ያፈዛል። ጠጠር እንዲያወርድ የሚታዘዘው ታምሱሎሲንም ከተቀመጡበት ሲነሱ ሊያዞርዎ ስለሚችል ሳያስፈቅዱ አይጀምሩት።

አሁን ወደ ውሃው። አብራሪዎች ሽንት ቤት ላለመመላለስ ውሃ እንደምትቀንሱ አውቃለሁ። የአውሮፕላን አየር ደግሞ ደረቅ ነው፤ እርጥበቱ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው። ጠጠር የሚወደው ይህንኑ ነው! በቀን 2.5 ሊትር ያህል እስኪሸኑ ይጠጡ። ጨው ይቀንሱ። ወተት አይተዉ፤ በምግብ የሚገባው ካልሲየም፣ ጠጠር የሚሠራውን ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር አንጀት ውስጥ ይይዝልዎታል። «ቢራ ያወርደዋል» የሚለውን ይርሱት። የገብስ ውሃ ከወደዱ ግን ይጠጡ፤ ቢያንስ ውሃ ነው።

ጎንዎን አሞዎት ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተከተለ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አይጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።