የአያትህን ረሽ አጽዳው እንጂ «እንደ አዲስ» አታድርገው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ላላነበቡት ባጭሩ ልድገመው። ደብረ ማርቆስ ባለው የአያትህ የቀድሞ ጋራዥ፣ ከጣሪያው ሥር በጆንያ የተጠቀለለ ባለ ሁለት አፈሙዝ ረሽ (ፍንጣሪ እርሳስ የሚተኩስ የአደን ጠመንጃ) አገኘህ። ብረቱ ዝጓል፤ የሰደፉ አንገት ተሰንጥቆ ጠፍር ተጠምጥሞበታል፤ አጠገቡም ጥቂት የካርቶን ጥይቶች አሉ። ጠፍሩን ቆርጠህ፣ ብረቱን አስፍቀህ፣ ሰደፉን አስለውጠህ ልትተኩስበት ታስባለህ። እኔ ቡሬ ላይ በእንጨትና በብረት ሥራ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ከዘመድና ከጎረቤት የመጣ የዚህ ዓይነት ዕቃ ብዙ አይቻለሁ። ካሰብኸው አብዛኛውን ባታደርገው እመክርሃለሁ።

ከሁሉ በፊት ጥይት እንደ ጎረሰ ቁጠረው። በአገራችን ጠመንጃ ጎርሶ ጣሪያ ሥር መሰቀሉ የተለመደ ነበር፤ የሰቀለው ሰው ቢሞት ጥይቱ አብሮት አይሞትም። የመክፈቻው ቁልፍ በእጅ ኃይል ብቻ ከተከፈተና ጥይት የሚጎርሱት ሁለቱም ጉሮሮዎች ባዶ ከሆኑ መልካም ነው። ካልተከፈተ በመዶሻ አትምታው፣ በእሳት አታሙቀው፣ በአፈሙዙም አትመልከት፤ ባለበት ተወውና ለፖሊስ አመልክት። ከተከፈተም ቢሆን ወረቀቱ ይቀድማል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቷል፤ ያረጀና የዛገ መሆኑ ብቻውን ከተጠያቂነት ያድነኛል ብለህ አትተማመን። መጀመሪያ ያለ ጠመንጃው ብቻህን ሄደህ ጠይቅ፤ ስለ መያዝ ብቻ ሳይሆን ስለ ማስጠገንም ጠይቅ። ትከሻህ ላይ አንጠልጥለህ ወይም አውቶቡስ ላይ ጭነህ ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር እንዳትጓዝ፤ የዛሬው የጎጃም መንገድ ለዚህ አይመችም።

የፈቃዱን ጉዳይ ከጨረስህ በኋላ የጠመንጃውን ማንነት ፈልግ። አፈሙዞቹን ከሰደፉ ስትለያቸው፣ ከታች ጠፍጣፋው ገጽ ላይ ጥቃቅን ማህተሞች ታገኛለህ። እነዚህ ጠመንጃው በተሠራበት አገር በጠንካራ ባሩድ ተፈትኖ ያለፈበት ምልክት ናቸው። በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ «ኢ ኤል ጂ» የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉ የቤልጅግ፣ የሊዬዥ ከተማ ነው፤ ከላዩ ዘውድ ካለበት ከ1893 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወዲህ የተፈተነ ነው። የእንግሊዝ በርሚንግሃም የዘውድና የተጣመሩ በትረ መንግሥታት ምልክት ነበራት። የጣልያን ከሆነና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ ከተሠራ፣ የተፈተነበት ዓመት በሮማ ቁጥር ይጻፋል፤ ሃያ ቢል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1964 ማለት ነው። እነዚህን ማህተሞች በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቅ ሰው የጠመንጃውን የልደት ምስክር ወረቀት ቀዶ ይጥላል። «ብረቱን ላስፍቀው» ስትል የደነገጥሁት ለዚህ ነው።

ልትተኩስበት ስለ ማሰብህ። ዝገቱ ሲለቅ አፈሙዙ ላይ እንደ ጥልፍ የተጠማዘዘ መስመር ብቅ ካለ፣ ደማስቆ የሚባለው ብረትና አረብ ብረት አብሮ ተገምዶ የተሠራ አፈሙዝ ሊሆን ይችላል። ያ አፈሙዝ በአብዛኛው የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው። የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ግፊቱ ሌላ ነው፤ ውስጡም ሰው በማያየው ቦታ ዝገት በልቶት ሊሆን ይችላል። ሲፈነዳ የሚፈነዳው ከግራ እጅህ ጣቶች በላይ ነው። መስመር ባይኖረውም ሌላ ወጥመድ አለ፦ ከድሮዎቹ ባለ 12 ቁጥር ረሾች (ቁጥሩ የአፈሙዙን ስፋት ይነግራል) ብዙዎቹ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ላለው ጥይት የተሠሩ ሲሆን የዛሬው መደበኛ ጥይት 70 ሚሊ ሜትር ነው። 70ው ሳይተኮስ አጠር ስለሚል በቀላሉ ይገባል፤ ሲተኮስ ግን የካርቶኑ አፍ ተዘርግቶ መንገዱን ያጠበዋል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ስለዚህ መግባቱ ማስረጃ አይሆንህም። በእኔ ሚዛን የአያት ረሽ ሥራው ግድግዳ ላይ ነው። ከርከሮና ዝንጀሮ ማሳህን ካስቸገረህ በሌላ መንገድ ተከላከል።

አንድ ቀላል ፈተና አለ፤ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ከሰደፍ የተለዩትን አፈሙዞች በገመድ አንጠልጥለህ በጣትህ አንጓ ቆርቆር አድርጋቸው። ጥርት ብሎ ከጮኸ ሁለቱን አፈሙዞች የያዘው ብየዳ ደህና ነው፤ ጎርነን ብሎ ከተንገጫገጨ ለቆ ውስጡ ውኃ ገብቷል። ያ ብየዳ በቀላሉ የሚቀልጥ ቆርቆሮና እርሳስ ነው፤ በመበየጃ እሳት የነካው ሰው ጨርሶ ያበላሸዋል። በጋለ የኬሚካል ገንዳ እናጥቁርልህ የሚሉህንም አትስማ፤ መድኃኒቱ ብየዳውን ይበላዋል።

ዝገቱን በትዕግሥት ነው የምትለየው። ቀይ ዱቄት የሚመስለው በሽታ ነው፤ ጥቁርና ቡናማ ሆኖ የተኛው ግን ብረቱ በራሱ ያለበሰው ልብስ ነው፤ እሱን አትንካው። ቀጭን የማሽን ዘይት ወይም ላምባ ቀብተህ ለቀናት ተወው፤ አሁንም ቀባው። ከዚያ በኋላ ከብረት የሚለሰልስ ነገር ያስፈልግሃል። እኔ የምጠቀመው ቤት ውስጥ ከተረፉት የ1936 ዓመተ ምህረት የመዳብ ሳንቲሞች በአንዱ ጠርዝ ነው፤ ዘይት በጠጣ ዝገት ላይ ሲጎተት ዝገቱን ያነሳል፣ ብረቱን አይጭርም። የቀረውን በጣም ደቃቅ የብረት ሱፍ በዘይት ነክሮ ማሸት ይጨርሰዋል። የሽቦ ብሩሽ፣ ግራይንደር፣ የባትሪ አሲድ፣ ሎሚ፣ ለስላሳ መጠጥ፦ ጋራዥ ውስጥ እነዚህን የሚመክርህ አይጠፋም። በመኪና ቀለም ጥቁር ተረጭቶ የመጣልኝ ረሽም ነበር፤ ቀለሙን ማንሳቱ ዝገቱን ከማንሳት የበለጠ አለፋኝ። ብሎኖቹን ለመፍታት ጫፉ በቀዳዳው ልክ የተሞረደ ካቻቢቴ ከሌለህ አትጀምር። ውስጡ ያሉት ሞላዎች ሲሰበሩ ምትክ የላቸውም፤ ስለዚህ የመቺውን ክፍል ሳትፈታ ዘይት አንጠባጥበህ ብትተወው ይሻላል።

አሁን ወደ ጠፍሩ። በጥያቄህ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው። ሰደፍ አንገቱ ላይ የሚሰነጠቀው የተኩሱ ግፊት እዚያ ስለሚሰበሰብና እንጨቱም እዚያ ስለሚቀጥን ነው። የእኛ ሰዎች ብልሃት ደግሞ ጥሬ ቆዳን እርጥብ እያለ አጥብቆ መጠምጠም ነበር፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ስንጥቁንም ብዙ ማጣበቂያ በማይችለው ኃይል ይጨብጠዋል። ጠመንጃው ከሊዬዥ ቢመጣም እንኳ የጎጃም ያደረገው ይህ ጠፍር ነው። ጠፍሩን ቆርጠህ አዲስ የዋንዛ ሰደፍ ብታሠራለት ቆንጆ ዕቃ ይኖርህ ይሆናል፤ አያትህ የያዙት ግን አይሆንም። ምናልባት የጠመጠሙት እሳቸው ናቸው፤ ታላላቆችህን ጠይቅ። ጠፍሩን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ አራግፈው። ውኃ ከነካው ይለሰልስና ይላላል። ነቀዝ ወይም ብል ጀምሮት እንደሆነ ሥሩን በባትሪ ብርሃን ፈልግ።

ከጠፍሩ ውጭ ያለውን እንጨት በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ጥረገው። ከብረቱ ጋር የሚገናኘው ጫፍ ለዘመናት ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ ከሆነ፣ የጠመኔ ዱቄት በአሴቶን ለውሰህ ለጥፍበት፤ ሲደርቅ ዘይቱን መጥጦ ይወጣል። ይህን ክፍት ቦታ፣ ከእሳት ርቀህ ሥራው። ከዚያ የተልባ ዘይት በመዳፍህ በጣም አሳስተህ ቀባ፣ የተረፈውን ጥረግ፣ እስኪደርቅ ቀናት ስጠውና ድገም። ተልባ በጎጃም ሞልቷል፤ የኑግ ዘይት ግን ቶሎ ስለማይደርቅ ተጣብቆ አቧራ ይሰበስባል። ቅቤ የሚሉም አሉ፤ ይሸታል፣ አይጥም ይጠራል። ቬርኒስ አልወድም። ተልባ የነካውን ጨርቅ ጨብጠህ ጥግ አትጣል፤ ሲደርቅ ስለሚሞቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግተህ ውጭ አድርቀው።

በክረምት በቆዳ ማኅደር ወይም በዚያው ጆንያ ውስጥ መልሰህ እንዳትከተው፤ እርጥበት ይይዛሉ። ጭስ ከማይደርስበት፣ አየር ከሚነካው፣ ልጅ ከማይደርስበትና ከሚቆለፍ ቦታ አኑረው፤ ዝናቡ ሳይጀምር አንድ ጊዜ፣ መስከረም ላይ ሌላ ጊዜ ዘይት በነካ ጨርቅ አብሰው። በባዶ እጅ የነካኸውን ብረት ሁሉ ወዲያው ጥረገው፤ የላብ ጨው የጣትህን አሻራ በዝገት ይጽፈዋል።

የካርቶን ጥይቶቹን አትፍታቸው፣ አትሞክራቸው፣ እሳት ውስጥም አትጣላቸው። ባሉበት ትተህ፣ ስለ ጠመንጃው ልትጠይቅ ስትሄድ ስለ እነሱም ተናገርና መጥተው እንዲረከቡህ አድርግ። የማህተሞቹን ፎቶ ከፈቃዱ በኋላ ብትለጥፍልን ከየት እንደ መጣ አብረን እናየዋለን፤ ተከታታይ ቁጥሩን ግን ሸፍነው።