ምርጊቱ የተሰነጠቀ ቆዳ

የጥቅምት ደረቅ ብርድ ሲገባ የአንባቢዎቼ ደብዳቤ ስለ ልጆች ችፌ ይሆናል። ዘንድሮም አልቀረም።

ጥያቄ፦ የስምንት ወር ልጄ ጉንጮቿ ሻክረው ውኃ ያዣሉ፤ ሌሊቱን ስታክ ታድራለች። ጎረቤቶቼ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ቀቢያት ይሉኛል።

መልስ፦ በፍጹም! ነጭ ሽንኩርት ጤነኛውን ቆዳ እንኳ ያቃጥላል። ችፌ ያለበት ቆዳ ምርጊቱ እንደተሰነጠቀ ግድግዳ ነው፤ እርጥበቱ ይወጣል፣ ሳሙናውና አቧራው ይገባል። ስለዚህ ሥራው መምረግ ነው። ለብ ባለ ውኃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያጥቧት፤ ሽታ ያለው ሳሙና ይቅር። በፎጣ ሳያሹ ውኃውን መጠጥ አድርገው፣ ቆዳዋ ገና እርጥብ ሳለ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ሳይሰስቱ ይቀቧት፤ በቀን ሁለት ጊዜ። ጉንጯ ሲለሰልስ ቫዝሊኑ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፣ ችፌውም ይመለሳል፤ ብዙ እናቶች የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው። ቢጫ ቅርፊት ከያዘ ሐኪም ይየው። ትኩሳትና ውኃ የቋጠሩ ጥቃቅን ቁስሎች ከታዩ ደግሞ ሳያድር ይውሰዷት።

ጥያቄ፦ ከፋርማሲ የገዛሁት ቅባት በሦስት ቀን አጠፋው፤ ሳቆም ተመለሰ። እህቴ ቆዳ ያሳሳል ብላ አስፈራራችኝ።

መልስ፦ ስሙን አልጻፉልኝም፤ ቱቦውን ያንብቡ። 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ከሆነ፣ የቆዳ መቆጣትን ከሚያበርዱት የስቴሮይድ ቅባቶች ደካማው ነው፤ በሐኪም ትእዛዝ ለጥቂት ቀናት መቀባቱ አያስፈራም። ክሎቤታሶል ከሆነ ግን እህትዎ እውነት አላት፤ ከብርቱዎቹ አንዱ ስለሆነ ለልጅ ፊት አይሆንም። ያለ ማዘዣ እንደ ከረሜላ መሸጡ ያናድደኛል። በሌላ በኩል የታዘዘውን ፈርቶ እንደ ሽቶ ነካ ማድረግም ችፌውን ማስረዘም ነው። ከአዋቂ ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የተዘረጋ ቅባት ከነጣቶቹ ሁለት የአዋቂ መዳፍ ለሚያክል ቦታ ይበቃል።

ጥያቄ፦ እንቁላልና ወተት ላቁምበት?

መልስ፦ በግምት አያቁሙ፤ ልጁ ይከሳል እንጂ ችፌው አይሄድም። በበላ ቁጥር ወዲያው ከንፈሩ የሚያብጥ ወይም የሚያስመልሰው ከሆነ ለሐኪም ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ችፌው የነበረበት ቦታ ነጣ ብሏል። ለምጽ ይሆን?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። በጠይም ቆዳ ላይ ችፌ ሲድን ደብዘዝ ያለ ምልክት ትቶ ይሄዳል፤ መልኩ እስኪመለስ ወራት ይወስዳል። ለምጽ ድንበሩ የለየ፣ እንደ ኖራ የነጣ ነው።

ጥያቄ፦ ችፌ ለታናሹ ይጋባል?

መልስ፦ አይጋባም። ነገር ግን እርስዎም ታናሹም ሌሊት ሌሊት ማከክ ከጀመራችሁ፣ በተለይም በጣቶች መካከል፣ ያ ችፌ ሳይሆን እከክ ሊሆን ይችላል። እከክ ከሆነ መድኃኒቱን ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን ይቀባል፤ የማያሳክከውም ጭምር።